የሦስት ፋቲሓ ስኳር

ከበሮው ከወንዙ ማዶ መመታት ሲጀምር ኑዘያ ከመንደሩ ቁልቁል እየወረደች ነበር። ልጇን በጀርባዋ አዝላለች፤ የሠርጓን ቀሚስ በሌሎች ሁለት ቀሚሶች ላይ ደርባ ለብሳለች፤ የውኃ ቅል በትከሻዋ አንጠልጥላለች። ከፊቷ ባሏ ጃፈር ፍራሹን ጠቅልሎ ተሸክሞ ይሄዳል። ከኋላዋ መላው የቤኒዙሌል መንደር ይመጣል፤ የመቶ ቤት ሰው፣ ከነሽማግሌው ከነአራሱ።

አዋጁ በሦስት ቀን ውስጥ አገር ልቀቁ፣ በገዛ ሰውነታችሁ ከምትሸከሙት በቀር አንዳች አትያዙ ይላል። ስለዚህ ሴቱ ሁሉ ያለውን ልብስ በላይ በላዩ ለብሶ ነው የወጣው። ከሩቅ ላየው ሠርግ የተጠራ ሕዝብ ይመስላል። ከፊት ያሉት ኮረዶች እንዲያውም ይዘፍኑ ነበር፤ ወታደሮቹ ስናለቅስ አይዩን ብለው። ኑዘያ ግን መዝፈኑ አልሆነላትም። የልጇ የሹሻ ትኩሳት ሦስቱን ቀሚስ አልፎ ጀርባዋን ያቃጥላታል።

ዘመኑ በክርስቲያኖቹ አቆጣጠር ሺህ ስድስት መቶ ዘጠኝ፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ንጉሡ በቫሌንሲያ ምድር ያለ የእስላም ዘር ሁሉ ባሕር ይሻገር ብለዋል። አገር የሚጸናው አንድ ንጉሥ፣ አንድ ሕግ፣ አንድ ሃይማኖት ሲኖረው ነው ተብለው ተመክረዋል። የእስላም ዘር የተባሉት ደግሞ ከአያቶቻቸው ጀምሮ በግድ ተጠምቀው፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴ እየቆሙ የኖሩ ናቸው። ኑዘያ በደብሩ መዝገብ እስፔራንሳ ናት። አባቷ ኡበይደላ፣ ክሪስቶፎል ናቸው። ሹሻ እንኳ፣ ገና ሦስት ዓመት ከመንፈቋ፣ ቤያትሪዩ የሚል ስም አላት፤ ካጠመቃት ቄስ በቀር በዚያ ስም የጠራት የለም እንጂ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ሸንኮራው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ለመቆረጥ ሁለት ወር ቀርቶታል። ኑዘያ በልማድ እጇን ሰዳ አንዱን ግንድ ጨበጠችና ውፍረቱን ለካች። የዘንድሮው ጥሩ ነበር።

የስኳር ወፍጮው ከድልድዩ ወዲህ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ የንጉሡ መልእክተኛ ጠረጴዛ አስዘርግቶ፣ ጸሐፊና አንድ መነኩሴ አስቀምጦ፣ የሚወጣውን ሰው በስም ይቆጥራል። ኑዘያ ወደ ግቢው ስትገባ አባቷን አየች። ከወፍጮው በር ላይ ቆመዋል። የቆዳ ሽርጣቸውን ታጥቀዋል።

የማፍላት ሽርጣቸው ነው። ባሮኑ፣ የዚህ ሸለቆ ጌታ፣ ሰዎቼ ሁሉ ከሄዱ ማን ያርስልኛል፣ ስኳሩንስ ማን ያፈላልኛል ብለው ለንጉሡ ጽፈው፣ ንጉሡም ከመቶ ቤት ስድስቱ ይቅሩ፣ ወፍጮውንና መስኖውን ለሚመጡት ክርስቲያኖች ያሳዩ ብለው ነበር። ከስድስቱ መጀመሪያ የተጠራው የኡበይደላ ስም ነው። ያገቡ ልጆች ግን ከአባታቸው ጋር መቅረት አይችሉም። ሽማግሌው ትናንት በመንደሩ ሁሉ ፊት አልቀርም ብለዋል።

«አባዬ፣ ሽርጡ ምንድን ነው?»

«ልቀር ነው።»

«ትናንት ምን ነበር ያሉት? ልጄን ጥዬ ለማን ነው የማፈላው አላሉም?»

«ትናንት ልጅቷ እንዲህ አልነደደችም» አሉ ኡበይደላ። ወደ እሷ ቀርበው በትልቁ እጃቸው የሹሻን ግንባር ነኩ። የአርባ ዓመት የመዳብ ድስት እሳት መዳፋቸውን አደንድኖታልና ትኩሳት የሚለኩት በእጃቸው ጀርባ ነው። «ጎህ ሲቀድ ገብቼ ነካኋት። አንቺ ተኝተሽ ነበር።»

ኑዘያ ሁለት ልጆች ከዚህ በፊት ቀብራለች፤ ሁለቱም እንዲህ በትኩሳት ነው የሄዱባት። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ያደረሷቸው ሰዎች ወሬ ከባሕር ዳር መጥቷል። ከባሕር ማዶ ኦራን ላይ ወርደው ወደ ውስጥ ሲጓዙ ሽፍታ ዘረፋቸው፣ ሕፃናቱ በውኃ ጥም በየመንገዱ ቀሩ ይላል።

የባሮኑ መጋቢ ኦኖፍሬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። እሱ ክርስቲያን ነው፣ ከነዘር ማንዘሩ፤ ነገር ግን በልጅነቱ ከኡበይደላ ድስት ሥር የተቃጠለ ስኳር እየፋቀ ያደገ ነው። ሽማግሌው ሰው ፊት «ጌታ ኦኖፍሬ» ይሉታል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን «አንተ» ይሉታል።

«ኑዘያ፣ ስሚኝ» አለ። በቤቷ ስም የጠራት በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። «ከአራት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን፣ ወላጆቹ ከፈቀዱ፣ መቅረት ይችላል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ አዋጁ ነው። አባትሽ እዚህ ይቀራሉ። ልጅቷ ከእሳቸው ጋር ትሁን። ሚስቴ ታግዛቸዋለች።»

«ክርስቲያን ልታደርጓት።»

«ክርስቲያን ናት እኮ። ሁላችሁም ናችሁ ሲባል አይደል የኖረው።»

«ቀልድህ ለዛ የለውም ኦኖፍሬ» አሉ ሽማግሌው።

መጋቢው አንገቱን ደፋ። «እውነትዎን ነው። የለውም።»

ጃፈር ፍራሹን መሬት ላይ አሳርፎ ነበር። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። «እኔ እሸከማታለሁ» አለ። «እስከ ኦራን እሸከማታለሁ። ከኦራንም ወዲያ እሸከማታለሁ።» መሸከሙን ማንም አልተጠራጠረም፣ የሚጠራጠሩት ሕይወቷን ነው። ጃፈርም ይህን ያውቃል። ሚስቱን አየና «አንቺ ያልሽው ይሁን» አለ።

ኑዘያ ወደ አባቷ ዞረች። «ከእርስዎ ጋር ነው የምትተኛው?»

«በጎኔ።»

«በኦኖፍሬ ቤት አይደለም።»

«በጎኔ አልኩሽ። በቋንቋችን ነው የማወራት። እናትሽ ኑዘያ ናት፣ አባትሽ ጃፈር ነው እያልኩ በየቀኑ እነግራታለሁ። ነገሩ ሲበርድ ደግሞ ንጉሥ ይለወጣል፣ ሰው ይላካል። ዋናው መትረፏ ነው ልጄ።»

ጠረጴዛው ዘንድ ሄዱ። ጸሐፊው «ሕፃኗን ቤያትሪዩን ለማስቀረት ትፈቅጃለሽ?» ሲላት ወደ ጃፈር ዞረች። ደግሞ ጠየቃት። «ፈቅጃለሁ» አለች። ጸሐፊው ከኑዘያና ከጃፈር ስም ቀጥሎ የነበረውን ስም በአንድ መስመር ሰረዘው። ቀለሙ እስኪደርቅ አሸዋ ነሰነሰበትና ሌላ ሰው ጠራ።

ኡበይደላ ዛሬውኑ ሥራቸውን ማሳየት ነበረባቸው። የሚማረው ሰው ባርቶሜው ይባላል፤ ከተራራ የመጣ ከሰል አክሳይ፣ ፊቱ የዋህ፣ የመዳብ ድስት እንደዚያ ትልቅ ሆኖ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። የሚፈላው ካምና የተረፈው ጥቁር ስኳር ነው። ነጭ ሆኖ ከወጣ ሽማግሌው በእርግጥ የሚያስፈልጉ ሰው ናቸው ተብሎ ይጻፍላቸዋል፤ ካልወጣ እንደማንኛውም ሰው መርከብ ይሳፈራሉ። መልእክተኛው ይህን በግልጽ ተናግሯል። ለባሮኖች የሚደረገው ምሕረት እንደማይዋጥለት ከፊቱ ይታወቃል፤ እሱ የንጉሥ እንጂ የባሮን ሰው አይደለም። መነኩሴውም ማፍላቱን ቆሜ አያለሁ ብሏል፤ የሚቀሩት ሰዎች በክርስትናቸው የማይጠረጠሩ እንዲሆኑ አዋጁ ያዛል።

ኑዘያን ያስፈራት ይህ ነው። ሙያውን ታውቀዋለች። አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ከአጠገባቸው ቆማ አይታለች። ጭማቂው ከድስት ድስት እየተሸጋገረ አራተኛው ድስት ላይ ሲደርስ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይጎተታል። ክር ሠርቶ ካልተበጠሰ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ይቆጠራል። ሲቆጠር የኖረው ደግሞ በቁጥር አይደለም። ሦስት ፋቲሓ ነው፤ የቁርኣኑ መክፈቻ ጸሎት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ከአያቷ አባት ጀምሮ ሦስት ፋቲሓ ነው፣ በዝግታ፣ በሹክሹክታ፤ የሦስተኛው «ኣሚን» ሲባል ማሩ፣ የወፈረው ጭማቂ፣ ወደ ሸክላ ቅርጽ ይገለበጣል። ቀድሞ ከወረደ አይረጋም፣ ከዘገየ ቀልቶ ይመርራል። ሰው ለዚህች ጸሎት የሃይማኖት መርማሪዎች ፊት ቀርቦ ለዓመታት መርከብ እንዲቀዝፍ ተፈርዶበታል። ኦኖፍሬ ያውቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አራተኛው ድስት ክር በሠራ ቁጥር፣ አንድ ነገር ትዝ ይለውና ወደ ውጭ ይወጣል። አንድ ቀን እንኳ ውስጥ ሆኖ አያውቅም።

ኑዘያ የተኛችውን ልጇን ከጀርባዋ ፈታች። ሹሻ ዓይኗን ሳትገልጥ የወፍጮውን ጭስ አሸተተችና አፏን ከፈተች። በቤታቸው ከእያንዳንዱ ማፍላት የመጀመሪያዋ ቅንጣት የታናሹ ሰው ናት፤ ሌላ ማንም ቀድሞ አይቀምስም። ልጅቷ ጭስ ስታሸት አፍ መክፈት የለመደችው ከዚያ ነው።

«ገና ነው ሹሻዬ» አለች ኑዘያ። «አያትሽ ያጎርሱሻል።» አንገቷን፣ እጆቿን፣ ደግሞ አንገቷን ሳመቻትና ለአባቷ አቀበለቻቸው። እጇ ባዶ ሲሆን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

«አባዬ፣ ከንፈርዎን።»

«አውቃለሁ።»

«በልብዎ ይበሉት። ከንፈርዎ እንዳይንቀሳቀስ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ሂጂ በቃ፣ ሳትነቃ።»

ሄደች። ድልድዩን እስኪሻገሩ ጃፈር ክንዷን ይዟት ነበር። ከድልድዩ ወዲያ የወፍጮው ጭስ ከጣሪያው በላይ ሲወጣ አየች፤ ነጭና ቀጥ ያለ፣ ጥሩ እሳት ነው።

የመርከቡ ወደብ ዴኒያ ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ተጓዙ። መንገዱ ዳር ዳሩን ሰው መሸከም ያቃተው ነገር ተጥሏል፤ የእህል ወንፊት፣ የልጅ አልጋ፣ ቁልፍ። ቁልፉን የጣለው ሰው ቤቱን ቆልፎ ነው የወጣው ማለት ነው፤ ኑዘያ ይህ ለምን እንዳሳዘናት ራሷም አላወቀችም። ባሕር ዳር ሲደርሱ አሸዋው በሰው ተሸፍኗል። መርከብ የሚሳፈሩት በተራ ነበር። ሦስት ቀን ጠበቁ።

ሦስቱን ቀን ኑዘያ የኖረችው ዴኒያ አይደለም። ሹሻ አሁን ተነሥታለች ትላለች። አሁን በወተት የተቀቀለውን ሩዝ አቅርበውላታል፣ አልበላም ብላ ፊቷን አዙራለች። አሁን ጥላው በቅሎ ጋጣው ላይ ደርሷል፣ አባዬ በሩ ላይ ተቀምጠው ራሷን እያሻሹላት ነው። ትኩሳቱ ለቋታል። ይህን ለጃፈር ትነግረዋለች፣ እሱም «አዎ» ይላል። ሰው ለራሱ የሚዋሸውን ውሸት አጠገቡ ያለ ሰው አዎ ካለለት እውነት ይመስላል። እንዲያውም በሁለተኛው ቀን ኑዘያ ራሷ ደህና አድርጋ ምግብ በላች። ሕፃን ልጅን ከሞት ያወጣ ሰው የሚሰማው ዓይነት ሰላም ተሰምቷት ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ የእነሱ የመሳፈር ተራ ሲደርስ፣ ወታደሮች ዘግይቶ የተያዘ ሰው ከየመንደሩ እየነዱ አመጡ። ሠላሳ ያህል ናቸው። ከመሃላቸው አንድ ሽማግሌ የቆዳ ሽርጥ ታጥቀዋል።

«አባዬ!»

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ይህን ደስታ ዕድሜ ልኳን ለራሷ ይቅር አላለችውም። ሰው እየገፋች፣ እየሳቀች ማለት ይቻላል፣ ሮጣ እጃቸውን ያዘች። ከዚያ ወደ ኋላቸው አየች። ወደ ጎናቸው አየች። ከሽርጡ ሥር፣ ከታጠፈው ክንዳቸው ውስጥ ፈለገች።

«ሹሻስ?»

ኡበይደላ አላዩአትም። «ድናለች» አሉ። «ትኩሳቱ በማግሥቱ ለቀቃት።»

«የት ናት?»

«ኦኖፍሬ ቤት።»

«በጎኔ ነው የምትተኛው ብለውኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ነበር።»

ሽማግሌው አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ጃፈር መጥቶ ከበላያቸው ቆመ። ሽማግሌው ለእሱ የሚነግሩ ይመስል እግሩን እያዩ ተናገሩ።

«መነኩሴው ከጎኔ ቆመ። ኦኖፍሬ ክሩን ሲያይ፣ አባ ይሞቃል፣ ወጣ ብለን ነፋስ እንቀበል አለው። ሙቀት ይስማማኛል አለ። ሁለቴ ለመነው። ከዚያ ወዲያ ምን ያድርግ፣ ብቻውን ወጣ። በልቤ ጀመርኩት። ወላሂ በልቤ ነው የጀመርኩት። ከዚያ ስኳሩን አየሁት፣ እየነጣ፣ እያማረ። አርባ ዓመት ነው ኑዘያ። ከንፈሬ መቼ እንደተንቀሳቀሰ አላወቅሁም።»

«ከዚያስ?»

«ምን እያልክ ነው አለኝ። ሁለተኛው ላይ ነበርኩ።»

«ጸሎተ ሃይማኖት ነው አይሉትም?»

«ሁለተኛው ላይ ነበርኩ እኮ» አሉ እንደገና፣ ልጃቸው የሙያው ነገር እንዳልገባት ሁሉ እያስረዱ። «ባቋርጥ ይቃጠላል። መልስ ብሰጠው ቁጥሩ ይጠፋኛል። እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነ። እኔ ሦስተኛውን ጨርሼ ገለበጥኩት።»

ለኑዘያ የምትወዳቸው አባቷ ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ግን ጠላቻቸው፣ በግልጽ፣ በሙሉ ልቧ።

«ይቃጠል ነበራ» አለች።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ገልጠው አዩ።

«ይቃጠል ነበር አባዬ። ስኳር ነው። ይቃጠል ነበር።»

«አዎ» አሉ። «መንገዱን ሙሉ እሱን ነው የማስበው።»

ያ በቤኒዙሌል የወጣው የመጨረሻው ነጭ ስኳር ነው። ባርቶሜው አልሰነፈም፤ ሦስት ክረምት ሞክሯል። በጸሎተ ሃይማኖት ቁጠር አሉት፣ ቆጠረ፤ ማሩ ቀልቶ መረረ። በግማሹ አቁም አሉት፤ አልረጋ አለ። ባሮኑ በአራተኛው ዓመት ድስቶቹን አስነቅለው መዳቡን ሸጡት፤ ሸንኮራው ቦታ ላይ በግ ተሰማራ። አንድ ሃይማኖት ያለው አገር ሆነ። በዚያ ሸለቆ ጠግቦ የሚበላ ሰው ግን በባርቶሜው የልጅ ልጆች ዘመንም እንደ ድሮው አልበዛም።

የመርከቡ ጸሐፊ ስም እየጠራ ሰውን ወደ ጀልባው ያስገባል። «እስፔራንሳ» አለ። «አለሁ» አለች ኑዘያ። ጃፈርም በክርስትና ስሙ ተጠርቶ «አለሁ» አለ። ከሁለቱ ቀጥሎ የተሰረዘ መስመር ነበር፤ ጸሐፊው ዘለለው። በመጨረሻ «ክሪስቶፎል» ሲባል ሽማግሌው ከአሸዋው መነሣት አቃታቸው። ጃፈር ነው ተሸክሞ ያስገባቸው፣ ልጁን ለመሸከም ባዘጋጀው ጀርባ።

ጀልባው ከዳር ሲለቅ ኑዘያና አባቷ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ውኃው ሲረጫቸው ኡበይደላ ሽርጣቸውን ፈትተው በጉልበቷ ላይ ደረቡላት፣ አልከለከለቻቸውም። ሽርጡ ማር ማር ይሸታል።

«አጎረሷት?» አለች፣ ባሕሩን እያየች።

«የመጀመሪያዋን ቅንጣት። ወታደሮቹ ሳይወስዱኝ፣ ስኳሩ እስኪረጋ ብሎ ኦኖፍሬ አንድ ቀን ለመነልኝ። ሰበርኩና አፏ ውስጥ አደረግሁላት።»

«ምን አለች?»

«ጥፍጥ አለ አለች። ከዚያ እማዬስ አለች።»

ኑዘያ ጠየቀች፤ ባትጠይቅ ይሻል ነበር። «ምን አሏት?»

«ይዣት ልመጣ ነው አልኳት። እዚህ ጠብቂን አልኳት።»

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም» አሉ ኡበይደላ። «በሩ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።»